ቀኙን አትንኩብኝ

እማዬ ሰው መሳም አቆመች።

መጀመሪያ ያስተዋሉት ጎረቤቶች ናቸው፤ እኔ አይደለሁም። እማዬ ድሮ ሰላምታ ላይ አትታማም። ሦስቴ፣ ናፍቆት ካለ አምስቴ፣ ለቅሶ ከሆነ ደግሞ ቆጥራችሁ አትዘልቁትም። አሁን ግን ሰው ሲመጣ ትከሻዋን ታስቀድማለች። በነጠላዋ ቀኝ ጉንጯን ሸፍና እጇን ትዘረጋለች። አንዷ የእድር አባል "ኮንዶሚኒየም ከገባች ወዲህ ኮራች" አለች አሉ። ወሬው ዞሮ ዞሮ ቤታችን ደረሰ። እማዬ ሳቀች። በግማሽ ፊቷ ብቻ ነው የሳቀችው።

የምንኖረው ቱሉ ዲምቱ ነው፣ አራተኛ ፎቅ። ስሙ በኦሮምኛ ቀይ ኮረብታ ማለት ነው። ለእኔ ግን የንፋስ ኮረብታ ቢባል ይሻል ነበር። ከተማው አልቆ የአዳማ ፈጣን መንገድ የሚጀምረው እዚህ ነው። ከብሎኮቹ ወዲያ ሜዳ ነው፣ ንፋሱን የሚከለክለው ነገር የለም። ደረጃው ክፍት ስለሆነ ከቤት ወጥታችሁ መሬት እስክትረግጡ ድረስ ንፋሱ ፊታችሁን ሲመታችሁ ነው። ይኼን ያነሳሁት አየር ሁኔታ ላወራ ብዬ አይደለም፤ በኋላ ይመጣል።

ሕመሙ ከጀመረ ሁለት ዓመት አልፎታል። ቀኝ መንጋጋ። "ጥርሴን" አለች። ጥርስ ሐኪም ጋ ሄድን፣ ራጅ ተነሳች፣ አንድ መንጋጋ ጥርስ ተነቀለ። ለአንድ ሳምንት ደህና የሆነች መሰለን። ከዚያ ተመለሰ። ሌላ ክሊኒክ ሄድን፣ የጎኑም ተነቀለ። ያ ሁለተኛው ጥርስ ምንም ያልሆነ ጥርስ ነበር። ነቃዩ ራሱ መዳፉ ላይ አገላብጦ አየውና "ደህና ነበር እኮ" አለ። በዚህ ዓይነት ምላስ እስካሁን ተናድጄ አልጨረስኩም።

ከዚያ በኋላ ያው የምታውቁት ዙር ነው። "ሳይነስ ነው" ተባለች። ደም ሰጠችና ታይፎይድም ታይፈስም አለብሽ ተባለች (እዚህ አገር ደም ሰጥቶ ሁለቱን ሳይዝ የሚመለስ ሰው አለ?)። ጎረቤት ደግሞ "ምች ነው፣ ፊቷን መትቷት ነው" ብላ ዳማከሴ ይዛ መጣች። ቅጠሉ ታሽቶ ቤቱ ለሦስት ቀን ሸተተ፣ ደስ ይላል ሽታው። ፊቷ ላይ ሊቀቧት ሲሉ ግን እማዬ እጃቸውን ይዛ አስቆመቻቸው። አንድ ትልቅ ሆስፒታል ሲቲ ስካን ታዘዘላት። ገንዘቡን እኔና ወንድሜ አዋጥተን ከፈልን። ውጤቱን ያየው ሐኪም "ምንም የለም፤ ተመስገን በሉ" አለን። ቀጥሎም "ማዘር፣ ባለቤትዎ ከሞቱ ስንት ጊዜ ሆነ?" ብሎ ጠየቃት። አምስት ዓመት አለች። "ጭንቀት ነው፤ ብቻዎን አይቀመጡ፣ ወጣ ወጣ ይበሉ" አለና የሚያስተኛ ኪኒን ጻፈላት።

ታክሲ ውስጥ ሆና "አባትሽ ሲሞት እኮ አንድ ቀን ጥርሴን አላመመኝም" አለችኝ። መስኮቱን አጥብቃ ዘጋችው።

አሁን ስለ ራሴ ጥፋት ልናገር። እኔም አላመንኳትም። ፊት ለፊት አላልኩትም፣ ግን አላመንኩም። ሲቲው ንጹህ ከሆነ፣ ደሟ ንጹህ ከሆነ፣ ሁለት ጥርስ ተነቅሎ ካልተሻላት፣ ምን ይባላል? ደግሞ ብታዩዋት ደህና ናት። ቡና ታፈላለች፣ ከጎረቤት ትጫወታለች፣ ልብስ ታጥባለች፤ ድንገት ቀጥ ትላለች፣ ዓይኗን ትጨፍናለች፣ ትንሽ ቆይታ እንደገና ወሬዋን ትቀጥላለች። እንደዚህ ዓይነት በሽታ አላውቅም ነበር። የማውቀው በሽታ ሰውን ያስተኛል። አንድ ቀን ከሥራ ደክሞኝ ገብቼ "እንትን ነው መሰለኝ ልጄ፣ ዛሬማ ጆሮዬ ድረስ…" ስትለኝ "እማዬ በቃ፣ ምንም የለም ተባለ አይደል!" አልኳት። ዝም አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ነግራኝ አታውቅም። እኔም ተሻላት ብዬ ደስ አለኝ። የሚያሳፍረኝ ይኼ ነው፤ ዝም ስትል የዳነች መሰለኝ።

እኛ ሰፈር ውሃ በፈረቃ ነው። በሳምንት ሁለት ሌሊት ይመጣል፣ ያውም ደስ ካለው። እማዬ ለአንድ ጆግ ውሃ የምትቆጣ ሴት ናት፤ ሩዝ የታጠበበትን ውሃ እንኳ አትደፋም። አንድ ሌሊት ወደ ስምንት ሰዓት ገደማ ነቃሁ። የመታጠቢያ ቤቱ ቧንቧ ጧ ብሎ ተከፍቷል። ጀሪካን እየሞላች ነው ብዬ ተኛሁ። ድምፁ አልተቀየረም። ጀሪካን ሲሞላ ድምፁ እየቀጠነ ይሄዳል፣ ይኼ ግን ባዶ ሲሚንቶ ላይ የሚፈስ ውሃ ነው። ተነስቼ ሄድኩ። እማዬ የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀምጣለች። የነጠላዋን ጥለት አጣጥፋ በግራ ጥርሷ ነክሳለች። ዓይኗ ጭፍን ነው፣ እንባዋ ይወርዳል፣ ድምፅ ግን የለም። ውሃውን የከፈተችው እንዳልሰማት ነው።

ቧንቧውን ዘጋሁት። ምን እንደምል አላወቅሁም። "አይዞሽ እማዬ" አልኩ። ጨርቁን ከአፏ አውጥታ "አይዞሽ አትበይኝ" አለች። "ሁሉም አይዞሽ ይለኛል። ምን ላይ እንደሚያመኝ የጠየቀኝ ግን የለም።"

ይኼን ስትል እንደገና መጣባት፣ ስለተናገረች ነው የመጣባት። ይኼንንም ያወቅኩት በኋላ ነው።

አይዞሽን አልጠላም። ግን ከዚያ ሌሊት ወዲህ ቃሉን ስሰማ በር ሲዘጋ ነው የሚሰማኝ። ብዙ ጊዜ አይዞሽ የምንለው ወሬው እዚህ ይብቃ ለማለት ነው። ያው እኔም እንደዚያ ነበር ያልኩት።

በማግስቱ ባለ 50 ሉክ ደብተር ገዛሁ። ሐሳቡ ከየት መጣ እንዳትሉኝ፣ ልጅ እያለሁ ታናሽ ወንድሜ ሲያተኩሰው እማዬ ራሷ ሰዓቱን ግድግዳ ላይ በከሰል ትጽፍ ነበር። እኔም የእማዬን ሕመም መጻፍ ጀመርኩ፤ መቼ መጣ፣ ምን ስታደርግ፣ የት ላይ፣ ስንት ሰከንድ። ሰከንዱን በስልኬ እቆጥር ነበር። መጀመሪያ አፈረች። በሦስተኛው ቀን ራሷ ከወጥ ቤት "ጻፊ!" ብላ ትጠራኝ ጀመር። ከደብተሩ ላይ የአንዱን ቀን ልገልብጥላችሁ፤

"ማክሰኞ። ጠዋት 1:15፣ ፊቷን ስትታጠብ፣ 20 ሰከንድ። 2:00፣ የመጀመሪያ ጉርሻ፣ 35 ሰከንድ። ሁለተኛው ጉርሻ ላይ ምንም። 4:10፣ ደረጃ ላይ፣ ንፋስ፣ ሁለቴ ተከታትሎ። 9:00፣ ከአክስቴ ጋር በስልክ ስታወራ፣ 15 ሰከንድ፤ ስልኩን ዘጋችባት፤ አክስቴ ተቀየመች። ማታ፣ ነጠላው ጉንጯን ሲነካት፣ 10 ሰከንድ። እንቅልፍ ከወሰዳት በኋላ ምንም።"

በሁለት ሳምንት ውስጥ የማላውቀውን እናቴን አወቅኩ። ሁልጊዜ ቀኝ ነው፣ አንድ ቀን እንኳ ግራ አይልም። ቀኑን ሙሉ የሚያም ሳይሆን እንደ መብረቅ ብልጭ ብሎ የሚጠፋ ነው። የሚቀሰቅሰውም ትልቅ ነገር አይደለም፤ ንፋስ፣ ውሃ፣ ጉርሻ፣ መፋቂያ፣ ወሬ። መሳም። የምንስማት እየመሰለን እናቴን በኤሌክትሪክ ስንነካት ነበር የከረምነው። "ሽቦ የነካኝ ነው የሚመስለኝ" ትል ነበር እኮ ከመጀመሪያው! ሐኪሞቹም ሲሰሙ "እ… እሺ" ብለው ያልፉታል፣ እኔም አልፌዋለሁ።

እማዬም ሐኪም ፊት ስትቀርብ ያው እማዬ ናት። "እንዴት ነዎት ማዘር?" ሲሏት "እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ"። በእኛ ዘንድ እንዴት ነዎት ሲባል ሌላ መልስ አለ እንዴ? ቀጥሎ "ምን ያህል ያምዎታል?" ሲሏት "ትንሽ" ትላለች። ጨዋ ሰው በባዕድ ፊት ሕመሙን አያጋንንም ብላ ነው። እሱ ደግሞ ካርዱ ላይ "ትንሽ" ብሎ ይጽፋል። ሦስት ሰዓት ወረፋ የተጠበቀበት አምስት ደቂቃ በምስጋና አለቀ ማለት ነው። ስለዚህ አንድ ስምምነት አደረግን። ሰላምታው የእሷ ነው፣ የፈለገችውን ታመስግን። ሕመሙን ግን ከደብተሩ አነባለሁ፤ ካጎደልኩ ትጨምራለች።

በመሃል ጠበል ሄደናል። ይኼን የምጽፈው ለመሳለቅ አይደለም፤ እኔም ተጠምቄያለሁ። ጠዋት 12 ሰዓት፣ ብርድ፣ ቀዝቃዛው ውሃ ፊቷ ላይ ሲያርፍ ጮኸች። በሕይወቴ እንደዚያ ስትጮህ ሰምቻት አላውቅም። አጠገባችን የነበሩት ሴቶች "ጮኸ! ጮኸ! እየለቀቀ ነው!" አሉ። እልልታ ሁሉ ነበር። እማዬ ምንም አላለችም። ቤት ገብተን ጋቢ ደርቤላት ሻይ ስሰጣት "ጋኔኑ ጮኸ አሉ" አለችኝ። "እኔ ነኝ እኮ የጮኽኩት።"

አጥማቂው አባት ግን ጥሩ ሰው ነበሩ። በሳምንቱ ስትነግራቸው ፊቷ ላይ ማፍሰሱን ትተው "ጠጪው ልጄ፤ ሐኪምሽንም አትተዪ" አሏት። ከሰማናቸው ነጭ ጋውን ለባሾች ከብዙዎቹ በተሻለ እሳቸው አዳመጧት።

በመጨረሻ ሕመሟን ያወቀላት የነርቭ ሐኪም ጋ ያደረሰን ሪፈር ነው፣ ወራት ጠብቀን። የነርቭ ስፔሻሊስት ማለት ገና አዲስ ሙያ ነው እዚህ አገር፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ማሠልጠን የጀመረው እንኳ እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። ወጣት ነው፣ እኔን የሚያክል። ደብተሩን ተቀብሎ አነበበ። እንዳለ አነበበው፣ ገጽ እየገለጠ። ከዚያ እሷን ቀና ብሎ አያትና "ከመጀመሪያው ጉርሻ በኋላ ትንሽ ፋታ ይሰጥዎታል አይደል?" አላት። እማዬ አፏን ከፍታ ቀረች። ፊቷን በጥጥ ጫፍ ሊነካ ሲል "ልንካዎት?" ብሎ አስቀድሞ ጠየቀ። ነካት፣ ደነገጠች፣ እሱም እጁን ሰበሰበ። "በጣም ነው የሚያምዎት" አላት። ጠይቆ አይደለም ያላት፤ ነገራት። እማዬ ያኔ አለቀሰች። መድኃኒት ገና አልተጻፈም፣ ስም ገና አልተሰጠውም።

ስሙ ትራይጀሚናል ኒውራልጂያ ነው አለ። በወረቀት ጀርባ ሣለልን። የፊትን ስሜት የሚሸከም ነርቭ አለ፣ በየጎኑ አንዳንድ፤ ሦስት ቅርንጫፍ አለው። አንዱ ወደ ግንባርና ዓይን፣ አንዱ ወደ ጉንጭና ወደ ላይኛው መንጋጋ፣ አንዱ ወደ ታችኛው። ጥርስም የሚሰማን በዚሁ ነርቭ ነው፣ ለዚህ ነው ጥርስ የሚመስለው፤ በዚህ ስህተት ደህና ጥርስ የሚነቀልበት ሰው ዓለም ላይ ብዙ ነው። ብዙ ጊዜ ነርቩ ከአንጎል ሥር በሚወጣበት ቦታ ላይ የደም ሥር ይጫነዋል፣ ሽፋኑ ይላጣል፣ ከዚያ ቀላል ንክኪ ሁሉ ሕመም ሆኖ ይሄዳል። "ሽፋኑ የተላጠ ሽቦ በሉት" አለ። እማዬ ዞራ አየችኝ። ያን አስተያየት ምን ብዬ ልንገራችሁ፤ ከሽቦ ጋር ሁለት ዓመት የኖረች ሴት አስተያየት ነው።

ንፋሱም እውነት ነበር ማለት ነው። ጎረቤቶቻችን "ንፋስ መትቷት ነው" ሲሉ እኔ የተማርኩት ሴትዮ በልቤ እስቅ ነበር። በሽታውን ንፋስ አላመጣውም፣ ግን ሲነፍስ እንደሚያማት አይተዋል። እኔ አብሬያት እየኖርኩ አላየሁም።

ሌሊት ሌሊት ስልኬ ላይ ማንበብ ጀመርኩ። ጆን ፎዘርጊል የሚባል የለንደን ሐኪም ይኼንኑ የፊት ሕመም እ.ኤ.አ. በ1773 በዝርዝር ገልጾታል። ካርባማዜፒን የሚባለው መድኃኒት ለዚህ ሕመም እንደሚሠራ የታወቀው እ.ኤ.አ. ከ1962 ጀምሮ ነው፤ ርካሽ ነው፣ አዲስ ነገር አይደለም። በሽታው ብዙ ሰው አይዝም፣ ከ100,000 ሰው በዓመት ከ4 እስከ 13 ቢሆን ነው፤ ከወንድ ይልቅ ሴት፣ ብዙ ጊዜም ከ50 ዓመት በላይ። እማዬ 57 ናት። ሲቲ ስካን ላይ አለመታየቱም የሚገርም አይደለም። ምርመራው የሚታዘዘው ሌላ ነገር፣ ለምሳሌ ዕጢ፣ አለመኖሩን ለማረጋገጥ ነው፤ በሽታው የሚታወቀው ሰውየው ሲናገር በማዳመጥ ነው። ይኼን ሳነብ ተነስቼ ውሃ ጠጣሁ።

በነገራችን ላይ እሷ ብቻ አይደለችም። መሥሪያ ቤቴ ያለች ጓደኛዬ በየወሩ መሬት የሚያስይዝ ሕመም አላት፤ አልትራሳውንዷ ሁሌ ንጹህ ነው፣ እና "ስትወልጂ ይተውሻል" ይሏታል። ኢንዶሜትሪዮሲስ የሚባለው፣ የማህፀንን የውስጥ ሽፋን የሚመስል ሥጋ ከማህፀን ውጭ የሚያድግበት በሽታ፣ በመውለጃ ዕድሜ ካሉ 10 ሴቶች አንዷን እንደሚይዝ የዓለም ጤና ድርጅት ይናገራል፣ አልትራሳውንድ ላይ ደግሞ ብዙ ጊዜ አይታይም። ጓደኛዬ ይኼ በሽታ ይኑራት አይኑራት ገና አልታወቀም። ግን ስም እስኪገኝ ድረስስ? ሕመምን የሚያጠኑ ሐኪሞች ዓለም አቀፍ ማኅበር አላቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2020 የሕመምን ትርጉም ሲያሻሽሉ ሰው አመመኝ ሲል ቃሉ ሊከበር ይገባል ብለው አብረው ጽፈዋል። ይኼን ለመጻፍ ማኅበር ማስፈለጉ ነው የሚደንቀኝ።

መድኃኒት ቤት የሆነውን ሳልነግራችሁ። ወረቀቱን የተቀበለችው ልጅ ሰው በተሰለፈበት ጮክ ብላ "የሚጥል በሽታ ያለባቸው እሳቸው ናቸው?" አለች። ካርባማዜፒን ለዚያም ይሰጣል፣ ልጅቷ አልዋሸችም። እማዬ ግን ነጠላዋን ፊቷ ላይ ስባ ወጣች። "ይኼን አልውጥም፤ ነገ እድር ውስጥ የሚጥል በሽታ አለባት ሊባል ነው" አለች። ለሁለት ቀን ለመንኳት። በመጨረሻ ያሳመናት የእኔ ልመና ሳይሆን የቅዳሜ ጠዋት ፊት መታጠብ ነው፤ 50 ሰከንድ።

በትንሹ ተጀምሮ ቀስ እየተባለ ተጨመረላት። በአራተኛው ቀን ሙሉ ቁራሽ እንጀራ ሳትቆም በላች። እኔ ደብተሩን ይዤ ተፋጥጬ ቀረሁ፣ የምጽፈው አጣሁ። ግን ተረት አይደለም። ታዞራታለች፣ ታስተኛታለች፣ አራት ፎቅ ደረጃ ስትወርድ እጇን እይዛለሁ። በየጊዜው ደም ትሰጣለች፣ የሶዲየሟ መጠን እንዳይወርድ ይታያል። ቆዳዋ ላይ ሽፍታ ከወጣ ቶሎ ኑ ተብለናል። ሕመሙም ጨርሶ አልሄደም፣ ክረምት ሲገባ ብቅ ብሏል። ቀዶ ሕክምና እንዳለ ሐኪሙ ሲነግራት "ጭንቅላቴን? የለም፣ የለም" አለች፤ ወሬው እዚያ ላይ ነው ያለው። ወንድሜ ዛሬም "ሥራ ስትፈታ ነው የሚያማት" ይላል። ከእሱ ጋር መጨቃጨቅ ትቻለሁ። ባለፈው ሲመጣ ደብተሩን ሰጥቼው ሰከንድ እንዲቆጥር አደረግኩት። አንዱን ቆጥሮ ስልኩን አስቀመጠ፣ ከዚያ ወጥቶ ሲጋራ አጨሰ። ይበቃዋል።

ባለፈው እሑድ ከታች ብሎክ ለቅሶ ነበር። ድንኳን ተጥሏል፣ ንፋሱ ሸራውን ያርገበግበዋል። እማዬ እንደገባች አጎንብሰው ሊስሟት ሲመጡ "ቀኙን አትንኩብኝ፣ በግራ ነው" እያለች ነው የምትሳመው፤ ሳታፍር፣ ጮክ ብላ። ሰው ሁሉ ግራዋን ሦስት ሦስቴ ሳመ። ኮራች ያለችዋ ሴትም ጭምር።

ጥግ ላይ አንዲት አሮጊት ተቀምጠዋል፣ ከገጠር የመጡ የሟች ዘመድ መሰሉኝ። ቆሎ ሲዞር አልወሰዱም። እማዬን አየት አየት አደረጉና "አንቺንም ያምሻል እንዴ?" አሏት ዝቅ ባለ ድምፅ። እሳቸው ወገባቸውን ነው፣ እስከ እግራቸው ድረስ። አራት ዓመት። ልጆቻቸው ጤና ጣቢያ ወስደዋቸው ምንም የለም ተብለዋል። "እርጅና ነው ይሉኛል" አሉ፣ እንደ ማፈር ብለው ፈገግ አሉ።

አይዞዎት ልላቸው አፌን ከፍቼ ነበር። እማዬ ወንበሯን ጎትታ ተጠጋቻቸው።

"ሲቀመጡ ነው የሚብስብዎት፣ ሲነሱ?"